አስታማሚ ሲዝል፦ ቤት ውስጥ ሰው ለሚያስታምሙ ዝርዝር መመሪያ

ግንቦት ነበር፤ ድሬዳዋ በቀትር እንደምትሆነው ሆናለች። መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ቬንትሌተር ቆሟል። እናቴን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ግራ ጎኗ አይታዘዛትም። አጥሚት በማንኪያ እያጎረስኳት ነበር። አንዱን ዋጠች፣ አንዱን ተፋች፣ ሦስተኛውን በደህና እጇ ገፋችውና ደረቷ ላይ ተደፋ። ያን እጇን አንጓው ላይ ያዝኩት። ስለቀው የአራት ጣቶቼ ምልክት ቆዳዋ ላይ ቀርቷል። እማ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ጣሪያውን አየች። እኔ ያገኘሁትን አንሶላ ሁሉ ሰብስቤ ጓሮ ወጣሁና ማጠብ ጀመርኩ።

ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ የሚላቸው እናት፣ በአጥሩ በኩል ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩና «አቦ፣ የታጠበውን እኮ ነው የምታጥቢው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጠዋት አጥቤ፣ አስጥቼ፣ አጣጥፌ ያስገባሁት ነው።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ላይ ሳትደርሺ እንድታነቢው ነው። «አንቺ» የምለው በኛ አገር የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሰው አጠገቡ ሆና የምታስታምመው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ፣ ሚስት ወይም ምራት ስለሆነች ነው። ወንድ ሆነህ የምታስታምም ከሆንህ ሁሉም ለአንተም ነው።

ምልክቱን መለየት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምድብ ዝለትን በሦስት ነገር ይገልጸዋል፦ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሚሠሩት ሥራ በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የቱንም ያህል ቢሠሩ ውጤት የለውም ብሎ ማሰብ። ትርጉሙ ግን ለሥራ ቦታ ብቻ እንደሚያገለግል ድርጅቱ ጨምሮ ጽፏል። ደመወዝ የሌላት፣ ፈረቃ የማይቀይራት አስታማሚ እዚያ ውስጥ የለችም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ነገሮች ከሁሉም በላይ የሚታዩት እሷ ላይ ነው።

እኔ ካየሁት፣ ዝለት ከልብ በፊት እጅ ላይ ይታያል። ገላ ስታጥቢ እጅሽ ይፈጥናል። ልብስ ስታለብሺ ክንዱን ትጎትቻለሽ። ቀጥሎ ምላስ ይመጣል፤ «አሁን አይደል የሰጠሁሽ!» የሚለው ድምፅሽ ለራስሽም ባዳ ይሆንብሻል። ከዚያ የመድኃኒት ሰዓት መሳት ይጀምራል፤ ሰጥቻለሁ አልሰጠሁም ብለሽ ብልቃጡን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ስልክ ሲጠራ የእህትሽን ስም አይተሽ አታነሺም። በሽተኛዋ ተኝታ አንቺ ትነቂያለሽ። እህል አትቀምሺም፣ ወይም ቆመሽ ከድስቱ ነው የምትበዪው። ማልቀስ ያምርሻል፣ እንባ ግን አይመጣም።

አንድ ምልክት አለ፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው። «ምነው ፈጣሪ በገላገላት» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ማተብሽን ወይም መቁጠሪያሽን ጨብጠሽ ራስሽን ትረግሚያለሽ። ይህ ሐሳብ ለብዙ አስታማሚ ይመጣል። የደከመ ሰው የሚፈልገው ሕመሙ እንዲያበቃ ነው፤ ሐሳቡ እናትሽን ስለጠላሽ አልመጣም። ለምታምኚው አንድ ሰው፣ ለንስሐ አባትሽም ቢሆን፣ ተናገሪው። ብቻሽን ስትይዢው ነው የሚከብደው።

ራሷን በቁጥር መለካት ለምትፈልግ፣ ዛሪት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአስታማሚ ሸክም መጠይቅ አለ። አሁን የተለመደው ቅጂ 22 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፣ ጠቅላላው እስከ 88 ይደርሳል። ከ40 በላይ ከሆነ ሸክሙ ከባድ ወደሚባለው ደረጃ እየገባ ነው። ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ስትሄጂ ጠይቂያቸው። መጠይቁን ባታገኚም፣ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች ሦስቱ ለሁለት ሳምንት ያህል አብረውሽ ከከረሙ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ዛሬውኑ ጀምሪ።

መጀመሪያ ሰውነትሽን አስመርምሪ

ድካም ሁሉ ዝለት አይደለም፤ በተለይ በኛ ከተማ። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ በሚራባው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ትንኝ የሚተላለፍ ወባ አይታለች። ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት ካለሽ «ማስታመሙ ነው ያደከመኝ» ብለሽ አትቀመጪ፤ ሂጂና ደምሽን ታዪ። ደንጊ ከተጠረጠረ ደግሞ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም መፍሰስ ሊያባብሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰጂ። ትኩሳት ባይኖርም የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ግፊትና እንቅርት ይታዩ። ለእናትሽ ስትሄጂ ካርድ የምታወጪበት ጤና ጣቢያ ለራስሽም አንድ ካርድ አውጪ። እኔ ይህን ለማድረግ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሲታይ ደሜ አንሶ ተገኘ።

ትንኙን በተመለከተ ደግሞ በርሜሉንና ባልዲውን ክደኚ፤ ለበሽተኛዋ አጎበር ስትሰቅይ ለራስሽም ስቀይ።

የ24 ሰዓቱን ሥራ ጻፊ

ደብተር አውጥተሽ አንድ ሙሉ ቀን የምትሠሪውን በየሰዓቱ ጻፊ። ምግብ ማብላት ብለሽ በአንድ ቃል አትለፊው። አጥሚቱን ማብሰል፣ ማቀዝቀዝ፣ ማስቀመጥ፣ ማጉረስ፣ አፍ መጥረግ፣ ዕቃ ማጠብ እያልሽ ዘርዝሪው። ጎን መለወጡን፣ ሽንት ማስቀመጡን፣ ውኃ ማምጣቱን፣ ጠያቂ መቀበሉን፣ ፋርማሲ መሄዱን፣ ሌሊት ስንቴ እንደተነሣሽ ሁሉንም።

ሲያልቅ በሦስት ቀለም ወይም በሦስት ምልክት ለዪው፦ እኔ ብቻ የምችለው፣ ትንሽ ካሳየሁት ሌላም ሰው የሚችለው፣ ማንም የሚችለው። እኔ ስጽፈው ሁለት ገጽ ከግማሽ ሞላ፤ እኔ ብቻ የምችለው ግን አምስት መስመር አልሞላም። የቀረውን ሁሉ የያዝኩት ማንም ስላልጠየቀኝ፣ እኔም ለማንም ስላልሰጠሁ ነበር።

ይህ ወረቀት ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልግሻል።

ሰዓት ጠይቂ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ይህን ያዢ። «እርዱኝ» ብለሽ አትጠይቂ። ቀን፣ ሰዓትና ሥራ ቆርጠሽ ጠይቂ። «እርዱኝ» ስትዪ ሁሉም ከልቡ «እሺ፣ ምን ችግር አለ» ይልሻል፣ ከዚያ መቼ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ይቀራል። እኔ እዚሁ ድሬ ላለችው እህቴ የላክሁት መልእክት ይህ ነበር፦

«ማክሰኞ ከ9 ሰዓት እስከ 12 እማን አንቺ ጠብቂልኝ። አብልቼያት፣ መድኃኒቷን ሰጥቼያት ነው የምወጣው። አንቺ አጠገቧ ትቀመጪያለሽ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጎኗን ትለውጫታለሽ። ሰኞ ማታ ነይና እንዴት እንደሚለወጥ አሳይሻለሁ።»

መጣች። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት «ምን ልርዳሽ» ስትለኝ «ምንም፣ አይዞሽ» ነበር መልሴ።

የወንድም እህት ጉዳይ ከተነሣ፣ በእኛ ቤት አንዱ ጅቡቲ፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ በሌላም ቤት እንዲሁ ነው። ያላገባችው ወይም ቤት የቀረችው ልጅ ታስታምማለች፣ የሌሎቹ ድርሻ ገንዘብ መላክ ነው ይባላል። ይህ ክፍፍል ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ገንዘቡ ሲመጣ ለመድኃኒትና ለዳይፐር ይውላል፣ ሌሊቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን ስልክ ላይ ሰብስበሽ የጻፍሽውን ዝርዝር አንብቢላቸው። ስሞታ አትጨምሪበት፤ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ሦስት ነገር ቁረጡ፦ በሳምንት ለስንት ሰዓት ረዳት የሚቀጠርበትን ገንዘብ ማን ይልካል፤ በዓመት ለስንት ቀን ማን በአካል መጥቶ ይተካሻል፤ የሐኪም ቀጠሮና የመድኃኒት ማስታወሻ በስልክ ማን ይከታተላል። ሦስተኛው ከጅዳም ይሠራል። ጅዳ ያለችው እህቴ የኪኒኑን ሰዓት እየደወለች ታስታውሰኝ ጀመር፤ ያ ብቻ ራሴን አቀለለው።

ጎረቤትና እድር ይቀራሉ። እድሮቻችን፣ የሙስሊሞቹም አፎሻ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለው፣ ድስት ተሸክመው ይደርሳሉ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ለሦስት ዓመት ሕመም ግን የሚሰጡት ነገር ብዙ ጊዜ የለም። የሴቶቹን ሰብሳቢ ቀርበሽ «ለቀብር የምትመጡትን ያህል አይደለም፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሴት ለሁለት ሰዓት» ብለሽ ጠይቂ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የማያውቅ እድርተኛ የለም። አዴ ስማቸው ከየትኛውም መዝገብ ሳይገባ ሐሙስ ሐሙስን ወሰዱልኝ። እማ የኦሮምኛ ዘፈናቸውን ስትሰማ በደህናው በኩል ፈገግ ትላለች።

ጠያቂንም ለውጪው። ፀሐይ በረድ ሲል ሰው ይመጣል፣ አንቺ ቡና ታፈያለሽ፣ ስኒ ታጥቢያለሽ፣ ሲሄዱ ደክሞሽ ትቀሪያለሽ። የመምጫ ሰዓት ወስኚ። ቡና ከተፈለገ ጠያቂዋ ታፍላው፤ አንቺ ያን ጊዜ ሻወር ግቢ። ማንም አይቀየምሽም። ቢቀየምም ይብረድለት ብለሽ ተዪው።

ሌሊቱን አድኚ

የእንቅልፍ ዕዳ ካልቀነሰ ከላይ ያለው ሁሉ አይበቃም። ግብሽ ሳይቆራረጥ አራት ወይም አምስት ሰዓት መተኛት ይሁን። ቤት ውስጥ ሌላ አዋቂ ካለ ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ 8 ሰዓት አንዱ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው። ተረኛ ያልሆነው ሌላ ክፍል ይተኛ፣ አለዚያ ሁለታችሁም ትነቃላችሁ።

ሌሊት የሚያስነሣው ሽንት ከሆነ፣ የምትወስደው የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ውስጥ ሽንት የሚያበዛ እንዳለ ሐኪሙን ጠይቂ፤ እንዲህ ያለው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚወሰደው። እኛ ማታ እየሰጠናት ኖረናል። ውኃዋን ቀን ላይ አብዢ፤ በድሬ ሙቀት ውኃ መቀነስ አደገኛ ነው፣ ሰዓቱን መለወጥ ግን ይቻላል። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ጎን መለወጥ በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚባለው፤ ላብ ያለበት ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይቆስላል። ሌሊት ላይ ክፍተቱን ማስፋት ይቻል እንደሆነ ቁርጭምጭሚቷን፣ ተረከዟንና ወገቧን አይታ ነርሷ ትንገርሽ፤ ፍራሹም ይወስነዋል።

ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሱቁም ሰውም ጥላ ይገባል። አስታማሚ ግን ያን ሰዓት «አሁን ጸጥ አለ» ብላ ልብስ ልታጥብ ትነሣለች። አትነሺ። ከተማው የሰጠሽን ዕረፍት ከከተማው ጋር ተኚ፤ 30 ደቂቃም ይሁን።

ስለ ጫት ሳልናገር አላልፍም። ሌሊት ለመንቃት ብለው የሚይዙት አስታማሚዎች አሉ፣ እህቶቼ ናቸውና አልፈርድባቸውም። ጫት ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ያቆማል፣ ከዚያ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይወስዳል፣ ልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ሲለቅ ደግሞ ንዴትና ድብርት ይጥላል። ለበሽተኛዋ የሚያስፈልገው ትዕግሥት የሚያልቀው በዚያ ሰዓት ነው።

ጀርባሽ

ብቻሽን ከአልጋ አታንሻት። ነጠላ አንሶላ አራት እጥፍ አድርገሽ ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ከሥሯ አንጥፊ፤ ስትለውጫት ሰውነቷን ሳይሆን አንሶላውን ሳቢ። ጉልበትሽን አጥፊ፣ ጀርባሽን አታጉብጪ፣ ወደ ራስሽ አስጠጊያት። ስትሮክ የመታው ክንድ በፍጹም አይጎተት፤ ትከሻው በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። አልጋው ዝቅ ያለ ከሆነ በየእግሩ ሥር ብሎኬት አስገቡበት፤ ሁለት ሰው በአሥር ደቂቃ የሚሠራው ነው። አንቺ ብቻሽን ስትሆኚ ግን እንዳትወድቅ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ወንበር ይሁን።

ንዴቱ ሲመጣ

ማንኪያውን አስቀምጪ። ቀና ብላ በትራስ መደገፏን፣ አፏ ውስጥ ምግብ አለመኖሩን እዪ። ከክፍሉ ውጪ። ፊትሽንና የእጅሽን አንጓ በውኃ ታጠቢ፣ ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ ተቀመጪ፣ አንድ ሰው ጋ ደውዪ። አጥሚቱ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። ስትመለሺ «ይቅርታ፣ ደክሞኝ ነው» በያት። መናገር የማትችልም ብትሆን በያት።

ከዚያ ደግሞ ያናደደሽ ነገር ምክንያት እንዳለው ጠይቂ። የእኔን ልንገርሽ፦ እናቴ አጥሚቱን የገፋችው እልኸኛ ሆና አልነበረም። በኋላ ነርስ አይታ እንደነገረችኝ መዋጥ አስቸግሯት ነበር። ስትበላ የሚያስላት፣ ከበላች በኋላ ድምፅዋ እንደ ውኃ የሚንቦራጨቅ ከሆነ ለሐኪም መነገር አለበት፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀና ብላ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው ጎን በኩል፣ ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳትተኛ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ማንኪያው ላይ ተናድጄ አላውቅም። የመርሳት ችግር ያለበትን ሰው ለምታስታምሚም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ የምትጠይቅሽ መልስሽን ስለናቀች አይደለም፣ መልሱ አእምሮዋ ውስጥ ስላልተቀመጠ ነው።

መሥሪያ ቤት የምትውዪ ከሆነ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ። የዓመት ፈቃድሽን ለሆስፒታል ምልልስ ብቻ አትጨርሺው፤ ሁለት ቀን ለእንቅልፍ አስቀሪ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብሽ መቼ ነው

ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ልብሽ ከከፋ፣ ቀድሞ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ከሞተብሽ፣ ሰዓት ተሰጥቶሽ አርፈሽም ካልተመለስሽ፣ ዝለቱ ወደ ድብርት ሕመም ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይታከማል። ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ካስፈለገ እንደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ወዳለው ሆስፒታል ይልኩሻል። ቁልቢ ስእለት ካለሽ፣ ጸበል የምትሄጂ ከሆነ፣ ዱዓ የምታስደርጊ ከሆነ ሂጂ፤ የእናትሽንም የአንቺንም ኪኒን ግን አታቋርጪ።

ራስሽን ለመጉዳት ወይም በሽተኛዋን ለመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። የዚያኑ ዕለት፣ የዚያኑ ሰዓት ለአንድ ሰው ተናግረሽ በሽተኛዋን ለእሱ ትተሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

በተሰጠሽ ሰዓት ምን ታደርጊያለሽ

ፋርማሲ አትሂጂ። ገበያም አትውጪ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለሥራ ከዋሉ አንድም ቀን አላረፍሽም ማለት ነው።

ቀላል እንዳይመስልሽ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ባጃጅ ይዤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፣ ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ባዶ ሲሆን ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም። አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ እህቴ በአምስተኛው «ተኝታለች፣ አትደውዪ» አለችኝ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሁለተኛው አንድ ሰዓት ቆየሁ። በሦስተኛው ስልኬን ቤት ትቼ ሄድኩ። በአራተኛው ማክሰኞ እዚያው አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ፣ ስነቃ መሽቷል፣ ትከሻዬ ላይ ከዛፉ የረገፈ ቅጠል አለ። ቤት ስደርስ እማ አጥሚቷን ጨርሳ፣ እህቴ ፀጉሯን እየሠራቻት ነበር።